አምስት ወደ ላይ፣ አምስት ወደ ታች

ግራ እጄ ሥራ ሲፈታ ጣቶቼ ጉልበቴ ላይ አምስት ድምፅ ይወጣሉ፣ አምስት ድምፅ ይወርዳሉ። ቡዳፔስት በተማርኩባቸው ዓመታት በትራም ውስጥ፣ በፈተና አዳራሽ፣ አንድ ጊዜም ቀብር ላይ ይህን ያዩ ሰዎች ፒያኖ ትጫወቻለሽ ወይ ብለው ጠይቀውኛል። አልጫወትም። የተማርኩት ጊታር ነበር፤ እሱንም ከተውኩት ሃያ አምስት ዓመት አልፎታል። የተውኩት አሰላ፣ እናቴ ቤት በረንዳ ላይ፣ በ1992 ታኅሣሥ ሰው ቆሞ ካጨበጨበልኝ በኋላ ነው። አሥር ዓመቴ ነበር።

ለብዙ ጊዜ ያን ጭብጨባ እንደ ሽልማት ይዤው ኖርኩ።

ያስተማረኝ ጋሽ ፍሰሐ ነው። በደርግ ጊዜ በኪነት ቡድን ውስጥ ጊታር ይጫወት ነበር። ኪነቱ ሲበተን ጊታሩና አንድ የጽሕፈት መኪና ቀሩት። በጽሕፈት መኪናው ፍርድ ቤት በር ላይ፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ተቀምጦ ለባለጉዳይ ማመልከቻ ይጽፋል፤ ራፖር ጸሐፊ ነበር። በጊታሩ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔን ያስተምራል። ጊታሩ ሆዱ ላይ ቀይ ኮከብ ነበረበት፤ በኋላ በቡናማ የበር ቀለም ተቀብቷል። ፀሐይ ሲመታው ግን ኮከቡ ከሥር ይታያል።

ስኳር ስለነበረበት መርፌውን የምትወጋው እናቴ ናት። ሰው ሁሉ ሲስተር የውብዳር ይላታል፤ ለሥራ ከጎጃም ተመድባ መጥታ እዚሁ ያገባች ነርስ። አባቴ የኮምባይነር ሹፌር ነው። አጨዳ ሲደርስ ወደ ባሌ ይሄድና ሁለት ወር አናየውም።

ያን ክረምት ሦስት ዘፈን ችዬ ነበር። በረንዳ ላይ ስጫወት የሰፈሩ ልጆች አጥሩ ላይ ይንጠለጠላሉ፤ ከፊት ለፊታችን ሱቅ ያላት ሰኪና ሳይቀር ደንበኛዋን ትታ ትመጣለች። ከዚያ ታኅሣሥ ገባ።

ሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ የመኝታ ቤታችን መስኮት ከውስጥ በብርድ ልብስ ተሸፍኗል። መስኮቱ ያለው በረንዳው ላይ ነው። እናቴ በሩን ዘግታ ቆማለች።

"ውስጥ ታማሚ አለች። እዚያ ክፍል አትገቢም።"

"ምን ሆና ነው?"

"ኩፍኝ።"

"እኔ እኮ ኩፍኝ ወጥቶልኛል።"

"ይሄ ሌላ ነው" አለች ዓይኔን ሳታይ። "ለማንም እንዳትናገሪ። ሰው ይሸሸናል።"

አሥር ሰዓት ላይ ጋሽ ፍሰሐ መጣ። ቅዳሜ አልነበረም። በአንድ እጁ ጊታሩን፣ በሌላው የጠረጴዛ ሰዓት ይዟል። በረንዳው ላይ ወንበር አስቀመጠና ፊቴን ወደ ግቢው በር፣ ጀርባዬን ወደተሸፈነው መስኮት አዙሮ አስቀመጠኝ።

"ከዛሬ ጀምሮ ዘፈን የለም" አለኝ።

"ለምን?"

"ጣትሽ ሰንፏል። ትቸኩያለሽ። ስኬልና አርፔጂዮ ብቻ።"

ስኬሉ የትዝታ ቅኝት አምስቱ ድምፆች ናቸው፤ አምስት ወደ ላይ፣ አምስት ወደ ታች። ሰዓቱን እግሬ ሥር አስቀመጠው። ሁለቴ ቀጭ ቀጭ ሲል አንድ ድምፅ። በቀኝ እጄ ጀርባ ላይ ባዶ የክብሪት ሣጥን አኖረ። "የሚሠራው ጣት ነው፤ እጅ አይደለም። ሣጥኑ ከወደቀ እጅሽ ሠርቷል ማለት ነው።" ስኬሉን ሃያ ጊዜ ስጨርስ ወደ አርፔጂዮ አልፋለሁ፤ ኮርዱን ባንዴ ከመምታት ይልቅ ድምፆቹን አንድ በአንድ መልቀም። አውራ ጣት፣ ጠቋሚ፣ መሃል፣ የቀለበት፤ ከዚያ ተመልሶ። ከዚያ እንደገና ስኬሉ። ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ብርድ ጣቴን ያደነዝዘዋል፣ ክሩ የጣቴን ጫፍ ይልጠዋል፣ ከውቂያ የሚመጣ የስንዴ ገለባ አፌ ውስጥ ይገባል።

"ብትሳሳቺ አታቁሚ" አለኝ። "ሰው ስህተትሽን አይሰማም፤ የሚሰማው ስታቆሚ ነው። መጀመሪያ ከታች እንጀምራለን፣ ከዚያ ከላይ። እሑድና ሰኞ ደግሞ ከመሃል። ከመሃል ጀምረሽ ካልጠፋብሽ ያንቺ ሆነ ማለት ነው።"

"እስከ መቼ ነው እንዲህ?"

"እስከ ሳምንት ማክሰኞ። እኔ ውስጥ ሆኜ እሰማሻለሁ። ካቆምሽ አውቃለሁ።"

ይህን ብሎ ተላላፊ በሽታ ያለባት ልጅ ክፍል ውስጥ ገባ። እናቴም ተከትላው ገባች።

ውስጥ የነበረችው ውድነሽ ትባላለች። ይህን ያወቅሁት አድጌ ነው። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ከሲሬ ወዲያ ካለ መንደር፣ ውሃ ቀድታ ስትመለስ ተጠልፋ፣ አምስት ቀን ተቆልፎባት፣ በስድስተኛው አምልጣ በእግሯ ጤና ጣቢያው በር ላይ የወደቀች። የተቀበለቻት ተረኛ ነርስ እናቴ ናት። ጠላፊው ደግሞ የአባቴ የእህት ልጅ የኋላሸት ነው። ክስ ተመሥርቷል፤ ቃሏን የምትሰጥበት ቀጠሮ የሳምንት ማክሰኞ ነው። ያኔ ሕጉ፣ ልጅቱ አገባዋለሁ ካለች ክሱን ይዘጋው ነበር። የገዛ አባቷ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተስማምቷል። ስለዚህ እስከ ማክሰኞ ሽማግሌዎቹ ሊያገኟት አይገባም። ከዚያ ወዲያ ያለው ችግር ሌላ ነው፦ ከዚያ ነገር ወዲህ ድምፅ የላትም፤ የምታወራው በሹክሹክታ ነው። ችሎት ላይ በሹክሹክታ የተናገረ ሰው ምን እንደሚሆን ጋሽ ፍሰሐ በበሩ ተቀምጦ ስምንት ዓመት አይቷል። ጮክ ብላ መናገር መልመድ ነበረባት፤ ያውም ከአጥሩ ውጭ ሳትሰማ።

እኔ ግን ይህን አላውቅም። እኔ የማውቀው ተመልካቾቼ እንደተበተኑ ነው። በማግሥቱ ማክሰኞ አጥሩ ላይ ሁለት ልጆች ነበሩ። ረቡዕ አንድም። በአጥራችን ጥግ ካርታ የሚጫወቱት ጎረምሶች ወደ ሌላ ጥላ ሄዱ። ሰኪና ከሱቋ አንገቷን አውጥታ ትጮኻለች።

"ያ ራሄል! ይሄ ነገር መጨረሻ የለውም እንዴ? ወላሂ ጉንዳን ጆሮዬ ገባ! ከሰው ጋር ተጣልተሽ ነው?"

"ጋሽ ፍሰሐ ነው ያዘዘኝ!"

"እሱንም አቦ አላህ ይይለት!"

ዓይኔ እንባ ቋጠረ። እናቴ ባለፈው ዓመት ይህን ሳነሳባት ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ ቆመ። "ጋሽ ፍሰሐ ነው ያለው" አለች። "ዘፈን ሰው ይሰበስባል፣ ስኬል ሰው ያባርራል አለኝ። ሰኪና ታውቅ ነበር። ሌላው ሰው እንዲርቅ ብላ ነው የምትጮኸው።"

ሐሙስ አያቴ መጡ። አባባ እንደሻው የአባቴ አባት ናቸው፤ ነጭ ጋቢያቸውንና ከዘራቸውን ይዘው ሲገቡ ግቢው ራሱ የሚነሣላቸው ይመስለኝ ነበር። እናቴ ከውስጥ ፈጥና ወጣች። በበረንዳው ጫፍ፣ ከእኔ ሁለት እርምጃ ርቀው ተቀመጡ።

"የውብዳር፣ ያቺን ልጅ አላየሻትም?"

"ከየት አይቻት አባባ?"

"ጤና ጣቢያ ታይታለች ይላሉ።"

"ጤና ጣቢያ ስንቱ ይመጣል።"

አምስት ወደ ላይ፣ አምስት ወደ ታች። የክብሪቱ ሣጥን እጄ ላይ ቆሟል።

"የኛ ልጅ አጥፍቷል። አላጠፋም አላልንም" አሉ አያቴ። "ድንጋይ ተሸክሞ አባቷ እግር ሥር ይወድቃል። ካሣም አለ። እሷ አንዲት ቃል ብቻ ትበል፣ መዝገቡ ይዘጋል። እምቢ ብላ እሱ ቢታሰር ወንድሞቹ ዝም ይላሉ? ወንድሞቿስ? ሁለት ቤት ሊፈርስ ነው እኮ ልጄ።"

"የሷ ቤትስ?" አለች እናቴ።

"እኮ! ቤት ትያዝ ነው የምንለው።"

ይህን የሰማሁት በአምስት ድምፅ መካከል ነው፣ ግማሹን። የገባኝም እንዲህ ነው፦ የኋላሸት ሊያገባ ነበር፣ ሙሽራዋ ጠፋች፣ ስለዚህ ሰርጉ ቀረ፤ ለሰርጉ ሊገዛልኝ የነበረው ቀሚስም ቀረ። በዚያች ሙሽራ በጣም ተናደድኩባት።

ከዚያ አያቴ ተነሡና ወደ እኔ መጡ። ሰፊ እጃቸውን ክሮቹ ላይ ጫኑ።

"በቃሽ የኔ ልጅ። ጣትሽ ሊደማ ነው። አረፍ በይ።"

ጊታሩ ጸጥ አለ። ሰዓቱ ቀጭ ቀጭ ይላል። ከብርድ ልብሱ ኋላ አንድ ድምፅ ተጀመረ፣ አንድ ቃል ብቻ፤ በዚያው ቅጽበት እናቴ የያዘችው ትሪ ከነብርጭቆው በረንዳው ላይ ተከሰከሰ።

"እጄ!" አለች። "ውይ እጄ ከዳኝ!"

አያቴ ስባሪውን በከዘራቸው እየሰበሰቡ "አንቺም ደክሞሻል" አሏት። እኔ ስኬሉን እንደገና ጀመርኩ። እናቴ ተንበርክካ ስትለቅም አየኋት፤ ከአውራ ጣቷ ደም እየወረደ አልጠረገችውም። በትሪው የተናደደች መሰለኝ።

ያ የሰማሁት አንድ ቃል ግን አላስተኛኝም። የታማሚ ድምፅ አይደለም። ጮክ ያለ፣ የሚያጠና ሰው ድምፅ ነው። ዓርብ ዘዴ ፈጠርኩ። ካቆምኩ ጋሽ ፍሰሐ ይወጣል፤ ግን ቀስ በቀስ ብቀንሰውስ? አርፔጂዮውን በጣቴ ሥጋ ብቻ፣ እያነስኩ እያነስኩ፣ ክሩን ዳበስ እስከማደርግ ድረስ ወረድኩ። ጆሮዬን ወደ ኋላ ጣልኩ።

"እንደገና" ይላል ጋሽ ፍሰሐ። "ከመጀመሪያው። አትቸኩይ።"

የሴት ልጅ ድምፅ፣ ቃሉ አይለይም።

"ከሆድሽ አውጪው። ድምፅሽ አይንቀጥቀጥ። 'መሰለኝ' አትበይ፤ ያየሽውን ብቻ በይ። ብትሳሳቺ አታቁሚ። እንደገና።"

የእኔ ቃላት ነበሩ። "አትቸኩይ" የእኔ ነው። "ብትሳሳቺ አታቁሚ" የእኔ ነው። ሁሉም ነገር ግልጽ ሆነልኝ፦ ውስጥ ያለችው ዘፋኝ ናት። ጋሽ ፍሰሐ ደብቆ የሚያሠለጥናት፣ ማክሰኞ አንድ ቦታ ይዟት የሚቀርብ ጎበዝ ተማሪ አለችው። እኔ ጣቴ ሰንፏል ተብዬ ብርድ ላይ ስኬል እቆጥራለሁ። እሷ ውስጥ ዘፈን ትማራለች።

ቅዳሜ ገበያ ነው። ሰው ከገበያ በኛ በር ነው የሚመለሰው፤ ጋሪው፣ አህያው፣ ጎመን የተሸከሙ ሴቶች፣ ገና ሊደርስ ስለሆነ በግ የሚጎትቱ ወንዶች። ስኬሉን አንድ ጊዜ ተጫወትኩ። ሁለተኛ ጊዜ ስጀምር ከውስጥ "እንደገና" ሲል ሰማሁት፤ የተናገረው ለእኔ አልነበረም። የክብሪቱን ሣጥን ከእጄ ላይ አንሥቼ መሬት አስቀመጥኩትና ሙሽራ ከአባቷ ቤት ስትወጣ የሚዘፈነውን፣ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ዘፈን ጀመርኩ።

ለምን እሱን እንደመረጥኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። ምናልባት ስለቀረው ሰርግ። ምናልባት ከሦስቱ ዘፈኖች የበለጠ የሚጮኸው እሱ ስለሆነ ብቻ።

ጣቴ አልሰነፈም ነበር። ይህን እውነት መካድ አልችልም። አምስት ቀን ሙሉ የቆጠርኩት ስኬል ከጣቴ ሥር ራሱ ይወጣል፤ ክረምት ላይ የሚያደናቅፈኝ ቦታ እንደ ውሃ ፈሰሰ። እንደዚያ ተጫውቼ አላውቅም፤ ከዚያም ወዲህ አልተጫወትኩም። መጀመሪያ ልጆቹ መጡ። ከዚያ ጎመን የያዙት ሴቶች ቆሙ፤ አንዷ እልል አለች። የካርታ ተጫዋቾቹ ተመለሱ። ሰው በግቢው በር ገባ፣ ያጨበጭባል፣ ይዘፍናል። ከሰዎቹ ኋላ ነጭ ጋቢ አየሁ። አያቴ በከዘራቸው ምቱን መሬት ላይ እየመቱ ወደ እኔ ይመጣሉ። ፊታቸው በርቷል።

ሰኪና ከሱቋ እየሮጠች "ራሄል! ወላሂ ተይው! ተይው!" ትላለች። እየጨፈረች መሰለኝ።

በሩ ተከፈተና ጋሽ ፍሰሐ ወጣ። ሰው በሞላው ግቢ ፊት ምንም ማለት አልቻለም። እጁን ወደ እኔ ዘርግቶ ቆሟል። ፊቱ አመድ ሆኗል። ቀንቶ ነው አልኩ። እያየሁት ዘፈኑን ጨረስኩ፤ የመጨረሻውን ኮርድ እሱ እንዳስተማረኝ አንድ በአንድ ለቅሜ፣ ቀስ ብዬ፣ ድምፁ እስኪሞት ጠበቅሁ። ሰው ሁሉ አብሮኝ ጠበቀ። ጸጥታው ከጭብጨባው በፊት የሚመጣው ጸጥታ ነበር።

በዚያ ጸጥታ ውስጥ ከብርድ ልብሱ ኋላ ድምፁ መጣ። ጮክ ያለ ነው፣ አይንቀጠቀጥም።

"አራት ነበሩ። ሦስቱን አላውቃቸውም። አራተኛው የኋላሸት ነው። ጮህኩ። ማንም አልመጣም። በሩን ከውጭ ቆለፉት። አምስት ቀን ቆየሁ። በስድስተኛው ቀን የጣራውን ሣር ቀድጄ ወጣሁ። አላገባውም። ቃሌ ይኸው ነው።"

ብትሳሳቺ አታቁሚ ተብላለች። አላቆመችም። ትንሽ ቆየችና ማንም ሳይነግራት ከመጀመሪያው ጀመረች።

"ውሃ ቀድቼ ስመለስ አራት ነበሩ..."

እናቴ ከውስጥ አፏን ስትይዛት ነው ዝም ያለችው። በግቢው ውስጥ ጥቂት ሰዎች፣ ነገሩ ያልገባቸው፣ አሁንም ያጨበጭቡ ነበር። እኔ ተነሥቼ እጅ ነሣሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነው በፍጥነት ነው። አያቴ ሰዉን "ወደየቤታችሁ" ብለው በተኑ። ጋሽ ፍሰሐ በሩ ላይ ቆሞ አላሳልፍም አለ። እነሱ ሲከራከሩ እናቴ ልጅቱን በጓሮ በር አውጥታ፣ ነጠላ አከናንባ፣ መንገዱን አሻግራ ሰኪና ቤት አስገባቻት። ሰኪና በሯ ላይ ወንበር ዘርግታ ተቀመጠች። አያቴና ሁለት ሽማግሌዎች ሲመጡ ከወንበሯ አልተነሣችም።

"አባ እንደሻው፣ በቤቴ ወንድ የለም። ባሌ ድሬዳዋ ነው። እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት፣ ባሏ የሌለ ሴት ቤት ይገባሉ?"

"ልጅቱን ብቻ..."

"ባሌ ይምጣ፣ ያስገባዎታል። ቡና ፈልቶ ይጠብቅዎታል።"

ባሏ የመጣው ሐሙስ ነው።

ስለዚህ ውድነሽን አላገኟትም። ማክሰኞ ችሎት ቀርባለች። እስከዚህ ድረስ እናቴ የነገረችኝ ነው። ቀጥሎ ያለውን ግን እናቴ አታውቅም፤ ለማንም ነግሬ አላውቅም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አያቴ እጄን ይዘው ወደ ዋርካው ወሰዱኝ። ከኪሳቸው ከረሜላ አወጡ። ጠላት አልነበሩም። ይህን ስጽፍም አይደሉም፤ እኔን በትከሻቸው ተሸክመው ከክትባት ያሸሹኝ፣ ስሜን ያወጡልኝ ሰው ናቸው። የሚሠሩት የሰላም ሥራ እንደሆነ እስከ ሞቱበት ቀን ያምኑ ነበር።

"ትናንት አኮራሽኝ" አሉኝ። "ጋሽ ፍሰሐ ነው ያስተማረሽ?"

"አዎ አባባ።"

"ጎበዝ መምህር ነው። ያቺንም ልጅ ያስተምራታል?"

በመጨረሻ የጠየቀኝ ሰው ተገኘ። "በየቀኑ" አልኩ። "እኔን በረንዳ አስቀምጦ እሷን ነው የሚያስተምራት።"

"ምን ይላታል?"

"እንደገና ይላታል። ከመጀመሪያው ይላታል። ስትሳሳት ያርማታል። 'መሰለኝ' አትበይ ይላታል።"

"'መሰለኝ' አትበይ" አሉ አያቴ ቀስ ብለው፣ ልክ እንደሚያጠኑት። ራሴን ዳበሱኝ። "ያየሽውን ብቻ በይ" የሚለውን አልነገርኳቸውም። ልደብቀው ብዬ አይደለም። ጥፋቱን እየነገርኩ ነበር፤ ያ ጥፋት አልመሰለኝም።

ማክሰኞ የተከሳሹ ጠበቃ ስድስት የመከላከያ ምስክር ጠራ። ሁሉም ቅዳሜ ያጨበጨቡልኝ ሰዎች ናቸው። አንዳቸውም አልዋሹም። ልጅቱ ቃሏን ደጋግማ ስትለማመድ ሰምተናል አሉ፤ እውነት ነው። ጠበቃው ተነሥቶ "'መሰለኝ' አትበይ እየተባለች የተጠናች ምስክር ናት" አለ። ዳኛው ውድነሽን እንደገና ጠሯትና ከመጀመሪያው ሳይሆን ከሦስተኛው ቀን ጀምረሽ ንገሪኝ አሏት። አፏን ከፈተች። ወደ "ውሃ ቀድቼ ስመለስ" ተመለሰች። ከሦስተኛው ቀን ነው ያልኩሽ አሏት። እንደገና "ውሃ ቀድቼ" አለች፤ ከዚያ ቆመች። ከመሃል መጀመርን ጋሽ ፍሰሐ ለእሑድና ለሰኞ አቆይቶት ነበር።

የኋላሸት በነጻ ወጣ። በጥር አባቷ በሽምግልና ለእሱው ሰጣት።

ጋሽ ፍሰሐ ምስክር አስጠንተሃል ተብሎ ከፍርድ ቤቱ በር እንዲነሣ ተደረገ፤ የጽሕፈት መኪናውን ይዞ ወደ አርሲ ሮቤ ወረደ፤ ጊታሩን ለእኔ ትቶ። ሲሄድ አልተሰናበተኝም። በጭብጨባው ቀንቶ ነው ብዬ አመንኩ፤ ተናድጄም ጊታሩን አልጋ ሥር ከተትኩት። አባቴ ከባሌ ሲመለስ ቤቱ ውስጥ ጩኸት ሆነ፤ ከዚያ እናቴ ወደ እህቷ ድሬዳዋ ላከችኝ። ከድሬዳዋ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ቡዳፔስት። ከተመለስኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ፤ ሦስት ሥራ ቀይሬያለሁ፤ በአንድም ቤት ሻንጣዬን ሙሉ በሙሉ አልፈታሁም።

ባለፈው ወር እናቴ "ውድነሽ ኢተያ ናት" አለችኝ። "ስድስት ዓመት አብራው ኖራ ጥላው ወጣች። ወፍጮ ቤት አላት።" አሰላ መናኸሪያ ሚኒባስ ያዝኩ። በመንገዱ ሁሉ፣ ስንዴው በግራና ቀኝ እየሮጠ፣ የምናገረውን በልቤ ስደጋግም ሄድኩ። ከመጀመሪያው። አለመቸኮል። ድምፄ እንዳይንቀጠቀጥ።

ወፍጮው ከሩቅ ይሰማል። ዱቄት ያነጣት፣ ጠና ያለች ሴት ከሚዛኑ ጎን ቆማለች። ስሜን ጮክ ብዬ ነገርኳት፤ አልሰማችም። ደገምኩት። አየችኝ፣ ዝቅ ብላም እጄን አየች። ሄዳ ሞተሩን አጠፋችው።

ጆሮዬ ውስጥ ጸጥታው ጮኸ።

"የሲስተር ልጅ" አለች። "ያቺ በረንዳ ላይ የነበረችው። ቁጭ በይ።" በጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። እሷ በርጩማ ሳበች። "እናትሽ ደህና ናት? ስኳር የላትም አይደል? ጋሽ ፍሰሐ በሱ ነው የሞተው። ሰምተሻል?"

"ሰምቻለሁ።"

"ለቅሶውን አልደረስኩም" አለች። ከጉልበቷ ላይ ዱቄት ታራግፋለች። "ሮቤ ቅርብ ነው፣ ጠዋት የሄደ ማታ ይመለሳል። አልሄድኩም። ያ ጠበቃ የተናገረውን ቃል የሰማን በክፍሉ ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበርን። እኔ፣ እናትሽ፣ እሱ። እኔ አልተናገርኩም። እናትሽን እንዳልጠረጥር አጉርሳኛለች፣ ቁስሌን አጥባለች። ማን ቀረ? ሃያ አምስት ዓመት እሱ ሸጠኝ ብዬ ኖርኩ። ሁለት ጊዜ እዚህ ድረስ መጥቶ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ወፍጮውን አላጠፋሁለትም።"

ጣቶቼ ጉልበቴ ላይ መሄድ ጀምረዋል። በሌላ እጄ ያዝኳቸው።

"ሦስት አልነበራችሁም" አልኩ። "አራት ነበርን።"

ዱቄቱን ማራገፍ ተወች። በሚኒባሱ ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋብኝ። መጀመሪያው ሰኞ ነው ብዬ ነበር፣ ከብርድ ልብሱ፣ ከኩፍኙ፤ አፌን ስከፍት ግን ከረሜላው መጣ፣ ዋርካው መጣ።

"እኔ... መሰለኝ..." አልኩና ቆምኩ።

ውድነሽ በርጩማዋን ወደ እኔ አስጠጋች። ከፊቷ ምንም ማንበብ አልቻልኩም።

"ተለማምደሽ ነው የመጣሽው" አለችኝ።

"አዎ።"

በር ላይ እህል የያዘ ሰው መጥቶ ሞተሩ ለምን እንደጠፋ ጠየቀ። ሳትዞር በእጇ እንዲጠብቅ አመለከተችው።

"ከመሃልም ቢሆን ጀምሪ" አለች። "ግን አታቁሚ።"